ለፋፊው የተኙ ጊዜ

እኔ ችኩል ነኝ። ይህን የነገሩኝ የባለቤቴ እናት እማማ በቀለች ናቸው፤ ገና ሙሽራ ሆኜ ቡራዩ ቤታቸው የገባሁ ሰሞን ወጥ ስጨልፍ አይተው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከአስኮ ወደ ቡራዩ የሚመጣው ታክሲ ሰው እስኪሞላ ተቀምጬ ከምጠብቅ ግማሹን መንገድ በእግሬ ብሄደው ይሻለኛል። ሰው ሲያወራ መጨረሻውን ቀድሜ ነው የምናገርለት። የባለቤቴ አባት ኦቦ ኢቲቻም መቀመጥ የሚባል ነገር የማያውቁ ሰው ነበሩና ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድመን የተግባባነው እኔና እሳቸው ነን።

ኦቦ ኢቲቻ የሰፈራችን ዕድር ለፋፊ ናቸው። ሰው ሲሞት የዕድሩ ዳኛ አቶ አሥራት ስሙን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ይልኩላቸዋል። እሳቸውም ጎህ ሲቀድ ጥሩምባቸውን ይዘው ይወጡና ከገፈርሳ አፋፍ ጀምረው እስከ አስፋልቱ ድረስ በየቅያሱ ይቆማሉ። ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ይናገራሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሠርተዋል። ገብስና ባቄላ ያርሱበት የነበረው መሬት ከተማ ውጦት የቀራቸው አንድ ግቢ፣ ሁለት ላምና አንድ የኮክ ዛፍ ነው።

የሞት ወሬ የሚያዞር ሰው ፊቱ የጠቆረ ይመስላችኋል። ኦቦ ኢቲቻ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ለፈፋቸውን ሲጨርሱ በዚያው እግራቸው በሰፈሩ የተኛ በሽተኛ ካለ ጎራ ይላሉ። «የሞተውን ከተናገርኩ ያለውን ደግሞ ልየው» ይላሉ። በሩ ላይ ይቆሙና ወረቀቷን ከኪሳቸው አውጥተው ከላይ እስከ ታች ያነቧታል፤ ከዚያ «ፈልጌ ፈልጌ ስምህን አጣሁት! ታዲያ እዚህ ተጋድመህ ምን ትሠራለህ?» ይላሉ። በሽተኛው ይስቃል። ጎኑን እየያዘም ቢሆን ይስቃል። እሳቸው ውሃ እንኳን ሳይጠጡ ይወጣሉ። ከሁለት ደቂቃ በላይ የቆዩበት ቤት የለም።

እኔ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ሳቅ ደም ያጣራል፣ ሳቅ ዕድሜ ይቀጥላል እያሉ በስልክ ከሚልኩት ሰዎች ወገን አይደለሁም፤ ይልቁንም ያናድዱኛል። ግን አሥር ዓመት መስኮት ላይ ቆሜ ያየሁትን አልክድም። እድናለሁ ብሎ የሚውጥ ሰው ክኒኑን አይዘልም፤ ሲያልቅበት ራሱ መጥቶ ይወስዳል፣ መንገዱም እግሩን ያፍታታለታል። «ምን ዋጋ አለው» የሚል ሰው ግን ግማሹን መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል፤ ይህን ከዘመዶቹ እሰማለሁ፤ ከቀብሩ በኋላ። ኦቦ ኢቲቻ ጎራ ያሉባቸው በሽተኞች ብዙ ጊዜ በእግራቸው ነው ወደ እኔ መስኮት የሚመጡት።

ጥር ሊያልቅ ሲል አንድ ማለዳ ከለፈፋ ሲመለሱ የግቢው በር ላይ ጥሩምባው ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ቀኝ ጉልበታቸው ከዳቸው። እማማ በቀለች «ምች ነው፣ ምች መታብኝ!» ብለው ዳማከሴ ፍለጋ ሮጡ። እኔ በሌሊት ልብሴ ስወጣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ አየሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በጩኸት ነው ያደረግሁት፤ ባጃጅ በጩኸት አስቆምኩ፣ ባለቤቴን ገመቺስን በጩኸት ቀሰቀስኩ፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ድረስ ሾፌሩ ላይ ስጮህ ደረስን። ስትሮክ ነው አሉን። «በጊዜ ስላመጣችኋቸው ተርፈዋል» አሉን። አሥራ አንድ ቀን ተኙ። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ምላሳቸውም ከበደ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ዕዝራ የሚባል ቀጭን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እማማ በቀለችንና እኔን ወደ ጎን ጠራን። «ይህን እጅ ያሠሩት፤ ይብሉበት፣ ይጨብጡበት፣ ይደገፉበት» አለ። «መቶ ጊዜ ሞክረው ዘጠና ዘጠኙ ባይሳካ ግድ የለም፤ መሞከሩን ነው የምንፈልገው። ካልሠራ አንጎላቸው እጅ እንዳላቸው ይረሳል። ከሁሉ የሚበልጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ናቸው። ከዚያ በኋላም መሻል አለ፣ ግን ይዘገያል።» ደግሞ ሊሄድ ሲል ዞር አለና «እድናለሁ ማለት አለባቸው፤ ካላሉ እኔ ምንም አልፈይድላቸውም» አለኝ።

ሦስት ወር። በጣቴ ቆጠርኩት፤ ሚያዝያ መጨረሻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ።

ጥየቃ ተጀመረ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰውን ሁሉ በር ያንኳኳ ሰው ታሞ ማን ይቀራል? ከሱሉልታ ወተት የያዙ ዘመዶች መጡ። ከሰበታ የእማማ በቀለች እህቶች ተጠራርተው መጡ። የሚመጣው ሁሉ በፍቅር ነው፤ ይህን እንዳትስቱብኝ። ኦቦ ኢቲቻ እንግዳ ተቀምጦ የሚቀበል ሰው አይደሉም፤ ሰው ሲገባ ሰውነታቸው ራሱ ይነሳል። በሩ ሲንኳኳ ግራ ክንዳቸውን ተደግፈው ቀና ማለት ይጀምራሉ። ይሄኔ ቤቱ በአንድ አፍ ይጮሃል፤ «ኧረ አይነሱ! በእግዜር አይነሱ! በገመቺስ ሞት አይነሱ!» አራት እጅ ትከሻቸውን ይዞ መልሶ ትራሱ ላይ ያስተኛቸዋል። በቀን ሃያ ጊዜ ሊነሱ ይሞክራሉ፤ በቀን ሃያ ጊዜ እናስተኛቸዋለን።

ምግብ ሲቀርብም እንዲሁ ነው። ቀኝ እጃቸው ወደ ትሪው መንፏቀቅ ሲጀምር አንዷ እህት እንባዋን እየጠረገች ቀድማ ታጎርሳቸዋለች። ሌላዋ ትቀጥላለች። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ወጥ ጉልበቱ ላይ ሲያፈስ ማየት ማን ይችላል? እጁ ባለበት ይቀራል። ከጉርሻው በኋላ ደግሞ ወሬው ይመጣል። «አይ ኢቲቻ፣ እንዲህ ትሁን! ምነው ከሳህ!» ትላለች አንዷ። ሌላዋ አጎቷ በዚሁ በሽታ ስምንት ዓመት ተኝቶ እንደሞተ፣ ጎኑም እንዴት እንደቆሰለ ከነዝርዝሩ ትተርካለች። ሲወጡ «አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል» ብለው ይስሟቸዋል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል እሰማለሁ። ፋርማሲ የሚሠራ ሰው ግን መድኃኒት ሁሉ መጠን እንዳለው ያውቃል።

በሦስተኛው ሳምንት ኦቦ ኢቲቻ ቀና ማለቱን ተዉት። በር ሲንኳኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ክኒን ስሰጣቸው ጥርሳቸውን ይገጥማሉ። እኔን እንደ እብድ ነበር የሚያደርገኝ። በመኝታ ቤታቸውና በሳሎኑ መካከል እመላለሳለሁ፣ ስልኬ ላይ ቀኑን አያለሁ፣ ደግሞ እመላለሳለሁ። እማማ በቀለችን «ዕዝራ ያለውን ሰምተው የለ፣ እማማ?» ስላቸው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል። እንቁላሉ እስኪሄድ የምንጠብቅበት ጊዜ የለንም ብዬ ጮህኩባቸው። አማት ላይ መጮህ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ጮህኩ።

አንድ ቀን ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። አንድ ወረቀት ያዝኩና በራቸው ላይ ቆምኩ። ከላይ እስከ ታች ያነበብኩ መስዬ «አባባ፣ ፈልጌ ፈልጌ ስምዎትን አጣሁት! ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አልኳቸው። ራሳቸው ለስንቱ ያሉትን። ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ተመለሱ። ወረቀቱን ጨምድጄ ወጣሁና የላሞቹ በረት ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ያን ቀን ኦቦ ኢቲቻ በቁማቸው እየሄዱብን እንደሆነ ገባኝ። ስትሮኩ ያላደረገውን እኛ ልናደርገው ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቶ አሥራት ከዕድሩ ጸሐፊ ጋር ሊጠይቁ መጡ። አቶ አሥራትን ክፉ ሰው አታድርጉብኝ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት የሠሩ፣ ሁሉን ነገር አስቀድመው የሚያስቡ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት አንድ ቤት ድንኳኑ ግቢው ውስጥ አልገባ ብሎ ለቀስተኛው ሁሉ በዝናብ ስለተደበደበ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ኦቦ ኢቲቻ ፊታቸውን አዙረው ስላገኟቸው ተኝተዋል ብለው ቀስ ብለው ወጡ። እኔ ከበረቱ ጀርባ ልብስ ሳሰጣ ነበር፤ አላዩኝም።

አቶ አሥራት ከቤቱ ደረጃ ጀምረው እግራቸውን እየሰነዘሩ ወደ ግቢው በር ሄዱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በሩ ላይ ሲደርሱ ለጸሐፊው በሹክሹክታ «አሥራ አራት እርምጃ» አሉት። «ድንኳኑ አሥራ ስድስት ይፈልጋል። ወደ ጎን እንዳናደርገው ደግሞ ይቺ ኮክ አለች።»

«ትቆረጣላ» አለ ጸሐፊው።

«ቤተሰቡ እንዳይከፋው በዘዴ ነው። ቀኑ ከደረሰ በኋላ ግርግር ነው የሚሆነው፤ አሁን...»

የኦቦ ኢቲቻ መስኮት ክፍት ነበር። በእጄ የያዝኩትን እርጥብ ሱሪ ይዤ ልወጣባቸው ስል ከውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ የተሰነጠቀ፣ ግን የሚሰማ ድምፅ ነበር።

«ሂን ቱቂና!»

አትንኳት ማለታቸው ነው። በአምስት ሳምንት ውስጥ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው ግልጽ ቃል ነው፤ በእናታቸው ቋንቋ መጣላቸው። ሮጬ ስገባ ኦቦ ኢቲቻ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። በግራ እጃቸው የመስኮቱን ብረት አንቀው ይዘዋል፤ ሁለቱም እግራቸው መሬት ነክቷል። ማንም አላስቀመጣቸውም። ፊታቸው ቀልቷል፣ ጢማቸው ላይ ምራቅ አለ፣ ዓይናቸው ግን የድሮው ዓይናቸው ነው። ወደ ውጭ ስመለከት አቶ አሥራት ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ደርቀዋል። ከዚያ ጸሐፊውን አስከትለው ወጡ።

«ስ...ንት አለ?» አሉኝ ኦቦ ኢቲቻ።

«ምኑ አባባ?»

«ግ...ቢው።»

«አሥራ አራት እርምጃ ብለዋል።»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ው...ሸት። አሥራ ስም...ንት ነው።»

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። ሰዎች ተስፋ ሲባል የሚያምር፣ ለስላሳ ነገር ይመስላቸዋል። የኦቦ ኢቲቻ ተስፋ በእልህ ነው የመጣው። በማግስቱ ጠዋት ግቢውን ራሳቸው በእርምጃ ለክተው አሥራትን ሊያሳፍሩት እንደሚፈልጉ በምልክትም በቃልም አስረዱን። ክኒናቸውን ጠይቀው ዋጡ። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው እያነሱ ትሪው ላይ ያስቀምጡት ጀመር። ግማሹ ጉልበታቸው ላይ ይፈሳል፣ ሩቡ አፋቸው ይደርሳል። እማማ በቀለች ማየት ስለማይችሉ ጓዳ ይገባሉ።

እኔ ደግሞ አበድኩ። ዘበኛ ሆንኩ። በካርቶን ላይ በትልልቁ «አይነሱ ማለት ክልክል ነው። ማጉረስ ክልክል ነው» ብዬ ጽፌ በራቸው ላይ ሰቀልኩ። የሱሉልታ ዘመዶች አንብበው «ይቺ ምራት አባቱን በረሃብ ልትገድልለት ነው» ብለው ለገመቺስ ነገሩት። እማማ በቀለች ማንበብ አይችሉም፤ አስነበቡና ካርቶኑን አውርደው ከሰል አያያዙበት። ሁለተኛ ጻፍኩ። ሁለተኛም አያያዙበት።

በሰባተኛው ሳምንት ኦቦ ኢቲቻ በከዘራና በገመቺስ ትከሻ ከደረጃው ኮኳ ድረስ ደረሱ። ያ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነበር፤ ዛፏን ተደግፈው ቆመው ሰማዩን አዩ። በሳምንቱ መጨረሻ ገመቺስ በሌለበት እኔ ይዣቸው ወጣሁ። ኮኳ ጋ ሲደርሱ «ይበ...ቃል» አሉኝ። እኔ በልቤ ቀን እየቆጠርኩ ነበር። «ትንሽ ብቻ አባባ፣ በሩ እኮ ይኸው ነው! ይችላሉ! እችላለሁ ይበሉ!» አልኳቸው። አዩኝ፤ ላለማሳፈር ብለው እግራቸውን አነሱ። አራተኛው እርምጃ ላይ ወደቁ። ቅንድባቸው በድንጋይ ተሰነጠቀ፤ አራት ቦታ ተሰፋ።

እማማ በቀለች ደሙን እያጠቡ አንድ ጊዜም አልጮሁብኝም። ሲጨርሱ ቀና ብለው «ከዚህ ክፍል እግርሽን እንዳላይ» አሉኝ፤ ያ ብቻ ነው። ገመቺስ ሲመጣ ጠቡ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ «አባቴን ታክሲ አደረግሽው እኮ ሐኒ፤ ካልሄደ ትጮሂበታለሽ» አለኝ።

በማግስቱ ፋርማሲው ዕቃ ክፍል ገብቼ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ተስፋ ብዬ የጠራሁት ነገር ፍርሃቴ ነበር። ሚያዝያን ፈርቼ፣ አልጋውን ፈርቼ፣ ያንን ፍርሃት ነው በ«ይችላሉ ይችላሉ» ለውሼ ሽማግሌ ላይ የጫንኩት። ኦቦ ኢቲቻ የማንንም በሽተኛ እጅ ጎትተው አያውቁም። ቀልዳቸውን ይናገራሉ፣ እንደሚነሳ ሰው ያዩታል፣ ይሄዳሉ። መነሳቱን ለባለቤቱ ይተዉለታል። ይህን ሁሉ ዓመት እያየሁ አልተማርኩም ነበር። እማማም አልተማሩም፤ እሳቸው ሲያስተኙ እኔ ስጎትት፣ ሁለታችንም ሰውዬውን ለራሱ አልተውነውም።

ከክፍላቸው ከተባረርኩ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ኦቦ ኢቲቻ በራሳቸው ጊዜ በከዘራ እስከ ግቢው በር መመላለስ ጀምረዋል። ያኔ የአቶ አሥራት ባለቤት ወይዘሮ ማሪቱ ወደ መስኮቴ መጡ። የደም ብዛት መድኃኒት ፈልገው ነው። «ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለአሥራት ነዋ። ተኝቷል። ኢቲቻ ከጮኸበት ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስም አለ። የሰው ሞት ስለካ እግዜር የኔን ለካልኝ ይላል። ደም ብዛቱ እንኳ ያን ያህል አይደለም ብለውናል፤ እሱ ግን አልነሳም ካለ ይኸው አንድ ወሩ። ሰውም ሞልቷል፤ ሲጠይቀው ነው የሚውለው።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ትናንት የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ አለ።»

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ደግ አደረገው አልኩ በሆዴ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ጤነኛ ሰው በሐሳቡ ብቻ አልጋ ላይ ሲወድቅ ማየት የሚያስደስት ነገር የለውም። ክኒኑን ሰጥቼ፣ እንዲበሉ፣ ከአልጋ እንዲወርዱ ነግሬ ሸኘኋቸው፤ ግን ወይዘሮ ማሪቱ የሰሙኝ አልመሰለኝም።

ያን ዕለት ማምሻውን ሳሎን ውስጥ ለገመቺስ ነገርኩት። ድምፄ ትልቅ ነው፤ የኦቦ ኢቲቻ በር ደግሞ ገርበብ ብሎ ነበር። ስለ አልጋው፣ ስለ ጠያቂው፣ ስለ ንስሐ አባቱ ሁሉንም አወራሁ። ትንሽ ቆይቶ ኦቦ ኢቲቻ ሚስታቸውን በኦሮምኛ ጠሩ፤ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። የተናገሩትን አልለየሁትም፤ የእማማ በቀለችን «አይሆንም፣ አይሆንም» ብቻ ነው የያዝኩት።

ከሁለት ቀን በኋላ ለምሳ ወደ ቤት ስመጣ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። «እማማ!» ብዬ ገባሁ። የኦቦ ኢቲቻ አልጋ ባዶ ነው። ከዘራውም የለም። ጓዳ አየሁ፣ በረት አየሁ፣ ሽንት ቤት አንኳኳሁ። ሆስፒታል ወስደዋቸው ነው ብዬ ለገመቺስ ደወልኩ፤ አያነሳም። ወጥቼ የባጃጆቹ ተራ ላይ ወንዲ የሚባለውን ሾፌር «እማማን አሳፍራችኋል?» ብዬ ጮህኩበት።

«ኧረ በእግራቸው ናቸው!» አለኝ። «ላድርሳችሁ ብል ኦቦ በከዘራ ሊሉኝ ነበር። ወደ ታች ነው የሄዱት።»

ሮጥኩ። ሱቁ ጋ ባለሱቋ «ውሃ ጠጥተው ሄዱ» አለችኝ። ቀጥሎ ካለው የድንጋይ ቤት ደጃፍ ጥጥ የምትፈትል ሴትዮ «እዚህ ትንሽ ቆመው ነበር» አለች። ወደ አቶ አሥራት ቤት የሚወስደው ቅያስ ላይ ስደርስ አየኋቸው።

ኦቦ ኢቲቻ ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት ይሄዳሉ። ከዘራውን በግራ እጃቸው ይተክላሉ፣ ቀኝ እግራቸው ዞሮ ይመጣል፣ ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ደግሞ ይተክላሉ። እማማ በቀለች አንድ እርምጃ ከኋላ ናቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በአንዱ የሌላውን አንጓ አጥብቀው ይዘዋል። ባላቸው በተወዛወዙ ቁጥር ትከሻቸው አብሮ ይወዛወዛል፤ እጃቸው ግን አይፈታም። ልጠራቸው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ከኋላቸው በእነሱ እርምጃ ሄድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ ሄጄ አላውቅም፤ ልቅሶም ሳቅም ይመጣብኛል፣ እግሬም ልሩጥ ልሩጥ ይለኛል።

የአቶ አሥራት ቤት በጠያቂ ሞልቷል። ኦቦ ኢቲቻ በሩን ሲሞሉት የተቀመጠው ሁሉ «ኖር! ኖር! በእግዜር!» እያለ ብድግ አለ። አቶ አሥራት ጥግ ካለው አልጋ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። ዞር ብለው አዩ። ጋቢውን ወደ ፊታቸው ሳቡት፤ መልሰው አወረዱት። ከዚያ በክርናቸው ተደግፈው ቀና ማለት ጀመሩ።

«ኧረ አይነሱ!» አለ ቤቱ። «ኧረ በማርያም፣ ደክመዋል፣ አይነሱ!» ሁለት ሴቶች ትከሻቸውን ያዙ።

ኦቦ ኢቲቻ አንድ ነገር አሉ፤ ትንፋሽ ስላጠራቸው አልተሰማም። ወንበር የፈለጉ መስሏቸው ወንበር አቀረቡላቸው። በከዘራቸው ወደ ጎን ገፉት። ግንባራቸው ላይ ላቡ ይወርዳል። ምላሳቸውን ሰብስበው እንደገና ተናገሩት፤ አሁን ሁሉም ሰማ።

«ተ...ዉት። ይነ...ሳ።»

የሴቶቹ እጅ ቀስ ብሎ ተነሳ። አቶ አሥራት እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። አንድ ወር ሙሉ ያልቆመ ጉልበት ተንቀጠቀጠ። «ይቅር በለኝ ኢቲቻ» ይላሉ፣ እንባቸው ይወርዳል፣ ግን እየተነሱ ነው። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ወደ ፊት ዘመም አሉ፤ ወይዘሮ ማሪቱ «ባሌን!» ብለው ሊይዟቸው እጃቸውን ሰደዱ።

እማማ በቀለች ቀድመው የወይዘሮ ማሪቱን እጅ አየር ላይ ያዙት። «ተይው እህቴ» አሏቸው። አቶ አሥራት ተወዛወዙ፣ ተወዛወዙ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። እማማና ወይዘሮ ማሪቱ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ያለቅሱ ነበር፤ እማማ ግን አልለቀቋቸውም።